የልጅ ልብ በፈተና ይለካል?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ ልጆች የሌላውን ሰው ሐሳብና ስሜት ምን ያህል እንደሚረዱ የሚለኩ ፈተናዎች አሉ። በእነሱ ውጤት ብቻ «ይህ ልጅ ችግር አለበት» ማለት ይቻላል?

የኬጂ መምህርት፦ እኔ ይቻላል ባይ ነኝ። ታዋቂውን የሳሊና የአን ፈተና እንውሰድ። ሳሊ የምትባል አሻንጉሊት ብይዋን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጣ ትወጣለች። አን አውጥታ ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች። ሳሊ ስትመለስ ብይዋን የት ትፈልጋለች? አራት ዓመት ያለፋቸው አብዛኞቹ ልጆች «ቅርጫት ውስጥ» ብለው በትክክል ይመልሳሉ፤ ሳሊ ብይዋ ስትዛወር አላየችምና። በ1985 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ግን ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአእምሮ እድገት ልዩነት) ካለባቸው 20 ልጆች 16ቱ በትክክል አልመለሱትም። እንዲህ የሚለይ መሣሪያ እያለ ለምን እንተወው?

እናት፦ መምህርት፣ ልጄ መስማት የተሳነው ነው። አምስት ዓመቱ ላይ ይሄንኑ ፈተና ወደቀ። «የሰው ስሜት አይገባውም» ብለው ወረቀት ሰጡኝ። ይሄው ልጅ ቤት ውስጥ የእህቱን ጫማ አልጋ ሥር ይደብቅና፣ በር አጠገብ ስትፈልግ ቆሞ ይስቃል። እሷ የማታውቀውን እሱ እንደሚያውቅ ካልገባው ምኑ ነው የሚያስቀው?

የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦ የጫማው ነገር እኮ ራሱ የሳሊና የአን ፈተና ነው! ያውም ያለ አሻንጉሊት። ጥናቶችም የሚደግፉሽ ይመስለኛል። መስማት የተሳናቸው ልጆች ወላጆቻቸው የሚሰሙ ከሆኑ በዚህ ፈተና ብዙ ጊዜ ይዘገያሉ። ወላጆቻቸው ራሳቸው መስማት የተሳናቸው ሆነው ከሕፃንነት ጀምሮ በምልክት ቋንቋ ያወሯቸው ግን አይዘገዩም። ስለዚህ ችግሩ ጆሮው ወይም ልቡ ላይ አይደለም። ስለ ሰው ሐሳብ በቋንቋ ያወራው ሰው መጥፋቱ ነው።

የጥያቄው አጠያየቅም ቀላል ነገር አይደለም። «ሳሊ መጀመሪያ የት ትፈልጋለች?» ተብለው ሲጠየቁ በትክክል የሚመልሱ የሦስት ዓመት ልጆች ቁጥር ከፍ ብሎ ታይቷል። አንዲት ቃል ናት የተጨመረችው። የልጁ አእምሮ በዚያች ቅጽበት አላደገም።

የስታቲስቲክስ ባለሙያ፦ መምህርት የጠቀሱትን ጥናት እስከ መጨረሻው እንቁጠረው። ኦቲዝም ካለባቸው 20 ልጆች 4ቱ አልፈዋል። ምንም የእድገት ችግር ከሌለባቸው 27 ልጆች ደግሞ 4ቱ ወድቀዋል። ጥናቱ በቡድኖች መካከል ያለውን ልዩነት በደንብ ያሳያል፤ ፊቴ የተቀመጠው አንድ ልጅ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ግን አይነግረኝም። መልሱ ከሁለት ቦታ አንዱ ከሆነ ደግሞ በግምት የሚጠቁም ልጅም ግማሽ ዕድል አለው።

ፍትሐዊነትን በተመለከተ መለኪያው አጭር ነው። ችሎታቸው እኩል የሆነ ሁለት ልጆች፣ ቋንቋቸውና አስተዳደጋቸው ቢለያይም፣ ያንን ጥያቄ የመመለስ ዕድላቸው እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ ጥያቄው ሌላ ነገር እየለካ ነው።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦ ለዚህ ጥሩ ማሳያ አለ። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ልጆች የሰውን ሐሳብ መረዳት የሚማሩበትን ቅደም ተከተል የሚያሳይ፣ አምስት ደረጃ ያለው መለኪያ ነበር። በአሜሪካ ልጆች መጀመሪያ «ሰዎች ስለ አንድ ነገር የተለያየ ሐሳብ አላቸው» የሚለውን፣ ቀጥሎ «ያላየ አያውቅም» የሚለውን ይረዳሉ። በቻይናና በኢራን የእነዚህ የሁለቱ ቅደም ተከተል ተገልብጦ ተገኘ። እንግዲህ «ዘግይቷል» የምንለው ከማን መሰላል አንጻር ነው?

የኬጂ መምህርት፦ እሺ፣ ቁጥሩ ላይ ተሸነፍኩ። ግን ፈተናውን ስንጥል የሚቀረው የመምህር ዓይን ነው። የእኔን ዓይን ደግሞ አውቀዋለሁ። ረባሹን ቶሎ እፈርጃለሁ፤ ዝም ብሎ ጥግ የሚቀመጠውን እረሳዋለሁ። ፈተናው ቢያንስ ሁሉንም ልጅ ይጠይቃል።

የስታቲስቲክስ ባለሙያ፦ ይሄ ሐቅ ነው። ታዛቢም አዳልቶ ይሳሳታል። ለዚህ ነው ብዙ ዓይነት ጥያቄ፣ በተለያየ ቀን፣ የቋንቋ ችሎታው ለብቻ ተለክቶ የምንለው። ፈተናውን ወደ ልጁ ቋንቋ መተርጎም ብቻውንም አይበቃም። ልጁን «ለምን እንደዚያ አልክ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዳንዴ የተሳሳተው መልስ ከጀርባው ፍጹም ትክክለኛ ምክንያት ይገኛል።

እናት፦ እኔ ፈተናው ይቅር አላልኩም። ልጄን የምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው ይፈትነው። ያኔ ከወደቀ እቀበላለሁ።

የኬጂ መምህርት፦ እስማማለሁ እህቴ። ግን እስከዚያ የሚሰጠው ድጋፍ ይቁም እንዳትዪኝ።

እናት፦ ኧረ አይቁም! ወረቀቱን ነው ቅደዱት የምለው።