ለዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ማንን ልቅጠር፣ ምንስ ልግዛ? (ባሕር ዳር)

ጥያቄ፦ ሰላም የባሕር ዳር ወላጆች። ልጄ ዘንድሮ ዘጠነኛ ትገባለች። እስከ ስምንተኛ በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ አብዛኛውን በአማርኛ ነው የተማረችው። እንግሊዝኛው ከወዲሁ ጨንቋታል፣ እኔም አብሬ ጨንቆኛል። ስፖክን ኢንግሊሽ (የመናገር ኮርስ) ትማር? አስጠኚ ልቅጠር? ወይስ መጽሐፍ ገዝቼላት ልተወው? ክፍል ውስጥስ ምን ይጠብቃታል? ያያችሁትን ጠቁሙኝ። ሁሉንም ለማድረግ ኪሴ አይችልም።

መልስ፦ እህቴ አይዞሽ፣ ልጆቼን በዘጠነኛ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። እንደሚወራው አይደለም።

ልጆቹን የሚያንገዳግዳቸው የእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ አይመስለኝም። እሱማ በስንት ጣዕሙ! የሚያንገዳግዳቸው ባዮሎጂው፣ ጂኦግራፊው፣ ታሪኩ ነው። ከዘጠነኛ ጀምሮ ከአማርኛ በቀር የቀረው ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ስለ ሴል በአማርኛ ብትጠየቅ እያብራራች የምታስረዳ ልጅ፣ ፈተና ላይ «ኮምፔር» (አወዳድሪ) የሚል ትዕዛዝ ታይና ዝም ብላ ዘርዝራ ትወጣለች። መልሱ ጠፍቷት አይደለም፣ የተጠየቀችው ስላልገባት ነው። ስለዚህ ብር ከማውጣትሽ በፊት «ይሄ ነገር የባዮሎጂ መጽሐፏን ራሷ እንድታነብ ይረዳታል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። የእኔ መመዘኛ ይሄ ብቻ ነው።

ክፍል ውስጥ ምን አለ ላልሽው፣ መጽሐፉ በ2015 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ነው። በየምዕራፉ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ ቃላት፣ መናገር፣ ሰዋስውና መጻፍ አለ። ርዕሶቹ የከተማ ኑሮ፣ የአጠናን ዘዴ፣ የትራፊክ አደጋ የመሳሰሉ ናቸው፤ አያስፈሩም። ሰዋስው ላይ ቴንስ (የግስ ጊዜ) እንደገና ይመጣል፣ ኮንዲሽናል («ቢሆን ኖሮ» የሚለው ዓይነት) እና ፓሲቭ ቮይስም («ተሠራ»፣ «ተጻፈ» የሚለው ዓይነት) አሉ። አንዳንዱን ከዚህ በፊት አይታዋለች።

ማዳመጡ ላይ ግን ልብ በይ። የሚደመጠው ጽሑፍ ያለው መምህሩ መምሪያ ላይ ነው። ቴፕ ምናምን አትጠብቂ። መምህሩ ቆሞ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ተማሪው እየሰማ ይመልሳል። ክፍሉ ከሞላና ልጅሽ ኋላ ከተቀመጠች የምትሰማው የወንበር ሲጥሲጥታ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ፊት ለፊት ቦታ ትያዝ። ይሄ በነፃ ነው፣ ከብዙ ኮርስም ይበልጣል።

መናገሩ በአብዛኛው ራስን በማስተዋወቅ ይጀመራል። ስሟን፣ ሰፈሯን፣ የምትወደውን የትምህርት ዓይነት እቤት ሆና ጮክ ብላ ትለማመድ፣ ያልፍላታል። መጻፍ ግን የእንጀራ ልጅ ነው። ፈተናው ምርጫ ይበዛበታል፤ መምህሩም ያን ሁሉ ደብተር ሲያርም ማደር አይችልም፣ አልፈርድበትም። እሱን ቤት ውስጥ መሙላት የኛ ፈንታ ነው።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ።

ስፖክን ኢንግሊሽ፦ ማሠልጠኛው ሞልቷል። የእኔ ልጅ አንዱ ጋ ክረምቱን ሙሉ ተመላለሰ፣ ስሙን አልጠራም። ሰላምታ ለምዶ መጣ። «ሀው ዱ ዩ ዱ» እያለ ቤቱን ሲያምሰው ከረመ። መስከረም ላይ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ሲሰጠው አንድ ገጽ መዝለቅ አቃተው። ክፍል ውስጥ ሲያወራ የከረመው አስተማሪው ነበር ለካ። ሠርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ አለ፣ ያምራል። መጀመሪያ የሚገዛ ነገር ነው ብዬ አልመክርሽም። ከገባችም አንድ ቀን ገብተሽ ተቀመጪና ማን እንደሚያወራ እይ።

አስጠኚ፦ ኪስሽ አንድ ነገር ብቻ ከቻለ ይሄን አድርጊ። የፔዳ ግቢ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ) ተማሪ ፈልጊ። የፖሊ (የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ) ልጆች ለሒሳብና ለፊዚክስ ወደር የላቸውም፤ ለዚህኛው ግን ፔዳ፣ እንግሊዝኛ የምታጠና ሴት ተማሪ ብታገኚ ልጅሽም ቶሎ ትቀርባታለች። ስትቀጥሪያት ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያት፦ ሰዋስው ብቻ እንዳታስተምር፣ የባዮሎጂውንና የታሪኩን መጽሐፍ አብረው እንዲያነቡ። ልጅሽ አንድ አንቀጽ ታንብብ። የገባትን በአማርኛ ታስረዳ። ከዚያ መጽሐፉን ከድና በራሷ እንግሊዝኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ትጻፍ። መጀመሪያ አንድ አንቀጽ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ አትደንግጪ። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ዋጋው በሰው በሰው ስለሚለያይ ቀድመሽ ተነጋገሪ። ከጎረቤት ጋር ተጋርታችሁ ሦስት ልጆች አንድ ላይ ቢያጠኑ ይቀላል፤ ከሦስት ካለፈ ግን ሌላ ክፍል ከፈታችሁ ማለት ነው።

የትምህርት ቤቱ ማጠናከሪያ፦ ካለ አትለፊው። ብዙ ጊዜ የሚያስጠናው ፈተናውን የሚያወጣው መምህር ራሱ ነው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?

አጋዥ መጽሐፍ፦ ሽፋኑ ላይ «አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት» ስላለ ብቻ አትመኚ። የተማሪውን መጽሐፍ ይዘሽ ሂጂና የምዕራፎቹን ርዕስ አስተያዪ። ካልገጠመ ከ2015 በፊት ለነበረው የተዘጋጀ ነው፣ መልሽው። ከኋላ የተሰጠው መልስም አንዳንዴ ስህተት ነው። እኔ ብሆን የዚህን ብር መዝገበ ቃላት ላይ አውለዋለሁ። ኮፒ ተደርጎ የሚሸጠውን ከመግዛትሽ በፊት ገልበጥ ገልበጥ አድርጊው፤ የተዘለለ ገጽ ወይም የማይነበብ ቀለም አይጠፋም። ለመጀመሪያው መንፈቅ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚፈታው ይበቃታል። ከዚያ እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ ወደሚፈታው ትሸጋገር።

ስልክ፦ ዱዎሊንጎ ጨዋታው ደስ ይላል፣ ግን በአማርኛ የሚያስተምር ኮርስ የለውም። ለማዳመጥ የቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽን «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» እመርጣለሁ። ነፃ ነው፣ ጽሑፉም አብሮ አለ። ኔትወርክ ሲገኝ አውርዳ ታስቀምጥ። መጀመሪያ ጽሑፉን ሳታይ ትስማ፣ ከዚያ እያየች ትድገመው። ፍጥነቱ ለዘጠነኛ ትንሽ ይከብዳል፤ አንዱን ሳምንቱን ሙሉ ብትሰማው ምንም አይደለም። የቴሌግራም ቻናሎች የመጽሐፉን ፒዲኤፍ ለማግኘት ጥሩ ናቸው። «አጭር ኖት» የሚሉትን ግን ልጆቹ ሸምድደው ነው የሚገቡት፤ ጥያቄው ትንሽ ሲጣመም ባዶ ይቀራሉ።

ለመጻፍ ምንም አትክፈዪ። የጣና ታንኳ እንዴት እንደሚሠራ በእንግሊዝኛ እንድትጽፍ ንገሪያት። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ይታሰራል። «ኢዝ ከት፣ ኢዝ ድራይድ፣ ኢዝ ታይድ» ስትል ፓሲቭ ቮይስ ሠራች ማለት ነው። «ፈርስት፣ ኔክስት፣ ፋይናሊ» ትጨምርበት፤ ፓራግራፍ ወጣው። በሚቀጥለው ሳምንት ቡና እንዴት እንደሚፈላ ትጻፍ። ጠላ ላይ ስትደርሱ አንቺ በአማርኛ ታስረጃታለሽ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትታገላለች።

ሌላ መልስ፦ ሰላም፣ እኔ ፔዳ ነው የምማረው፤ አስጠናለሁም። በአብዛኛው እስማማለሁ። ስፖክኑ ላይ ግን ትንሽ ተጨክኗል። ከማስጠናቸው ልጆች ውስጥ አንብበው እየገባቸው አፋቸውን መክፈት የሚያፍሩ አሉ። ክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣ ልጅ ያልገባውን ይዞ ነው የሚቀረው። እንዲህ ላለች ልጅ በጣም አጭር የሆነ ኮርስ አይጎዳም፤ አሥር ልጅ የማይሞላ ክፍል ይሁን እንጂ። ሌላው ወላጆችን የምለምነው፣ እባካችሁ አሳይመንት ሥሩላት አትበሉን። አሳይመንቷ ሙሉ ይመጣል፣ ሚድ (የመንፈቁ አጋማሽ ፈተና) ላይ ግን እኛ የለንም።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዓይን አፋርስ አይደለችም፣ እንዲያውም ለፍላፊ ናት። አስጠኚውን አደርጋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ሒሳብ ጎበዝ ናት፣ ወደፊት ተፈጥሮ ሳይንስ ነው የምትለው። እንግሊዝኛ ያን ያህል ያስፈልጋታል?

መልስ፦ ያስፈልጋታል እንጂ! ተፈጥሮም ሆነ ማኅበራዊ ብትመርጥ 12ኛ ላይ እንግሊዝኛ አይቀርላትም። ፊዚክሱም ቢሆን ጥያቄው ተነቦ ነው የሚሠራው። ለፍላፊ ከሆነችማ ስፖክኑን እርሺው፣ ያን ብር ለመዝገበ ቃላቱ አድርጊው። አስጠኚዋን ስታናግሪ ሰዓቱን ቀደም አድርጊው፤ ሲመሽ ባጃጅ ማግኘት መከራ ነው፣ እሷም ግቢ መመለስ አለባት። ጎበዞቹ ቶሎ ስለሚያዙ ካሁኑ አስነግሪ።