ከውጭ የሚገባ ስልክ የቀረጥ ስሌት ላይ እርዳታችሁን እሻለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። አነስተኛ የስልክ መሸጫ ሱቅ አለኝ። ከዱባይ በራሴ ስም ስማርት ስልክ ላስመጣ አስቤ የመሸጫ ዋጋውን ማውጣት ግን አቃተኝ።

እንደገባኝ ከሆነ ታክሱ በታክስ ላይ ይደራረባል። ዕቃው ከነማጓጓዣውና ከነመድኑ 10,000 ብር ቢያወጣ፣ ቀረጡንም ለስሌት ያህል 10 በመቶ ብንለው 1,000 ብር ይጨመራል። 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ በ11,000 ላይ ሲሰላ 1,650 ይሆናል። 10 በመቶው ሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣለው ተጨማሪ ታክስ) ደግሞ የሚታሰበው በጠቅላላ ድምሩ በ12,650 ላይ ስለሆነ 1,265 ብር ነው። ስልኩ ሱቅ ሳይደርስ 13,915 ብር ገባ ማለት ነው፤ ቅድመ ግብሩንና (ዕቃው ሲገባ በቅድሚያ የሚከፈለውን የገቢ ግብር) ሌሎች ክፍያዎችን ሳልቆጥር። ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣልኝ ትራንዚተሬ የሰጠኝ ሒሳብ ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ የደረሰኙ ዋጋ በጉምሩክ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል ከማለት በቀር ማብራሪያ የለውም።

ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚመራ ምንዛሪውም ያሳስበኛል። ለስሌቱ የሚያዘው ዕቃው የተገዛበት ቀን ምንዛሪ ነው ወይስ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚሰጠው የዕቃ መግለጫ) የሚቀርብበት?

ወዳጆቼ እዚህ የተገጣጠመውን ሽጥ ይሉኛል። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ የአገር ልጅ ሥራ ያገኝበታል። ነገር ግን ስክሪኑም ቺፑም በዶላር የሚገባ ስለሆነ እዚህ በመገጣጠሙ የሚገኘው የዋጋ ቅናሽ ደንበኛዬ ዘንድ ይደርሳል ወይ የሚለው ያስጨንቀኛል። ተማሪዎችና የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ አንድ ሺህ ብር ለእነርሱ ብዙ ነው።

በቅርቡ ስልክ ያስመጣችሁ፣ ዋጋው ተቀባይነት ሲያጣ ምን ማስረጃ እንዳቀረባችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ከመገጣጠሚያ ፋብሪካ በጅምላ የምትረከቡም ዝቅተኛው የትእዛዝ መጠን ስንት እንደሆነ ብትጠቁሙኝ ውለታችሁ አለብኝ።