የአባቴ ብሽሽት ላይ የወጣው እብጠት፦ ጥፋቱ የኔ ይሆን?

የቢቸናው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ የአባቴ ነው። 61 ዓመቱ ነው፣ ቢቸና አጠገብ ያርሳል። ባለፈው ኅዳር ለጤፍ አጨዳ ከባሕር ዳር ሄጄ ነበር። ነዶ ተሸክሞ ወደ አውድማው ሲመጣ ቆም አለና ቀኝ ብሽሽቱን በእጁ ጫን አደረገ። «ምን ሆንህ?» ስለው «ምንም» አለኝ። ማታ እናቴ ነገረችኝ። ለካ ዓመት አልፎታል። የዶሮ እንቁላል ያህላል። ሲቆምና ሲያስለው ይወጣል፣ ሲተኛ ይገባል። በመቀነት አስሮት ነው የሚያርሰው።

እሱ «ቡአ ነው፣ ተወው» ይላል። እኔን የሚበላኝ ግን ሌላ ነው። አምና ለትምህርት ስቀርበት ጆንያውን ሁሉ ብቻውን ነበር አህያ ላይ የጫነው። በእኔ ምክንያት ይሆን? ኦፕራሲዮንስ ግድ ነው?

ነርስ ከማርቆስ፦
ወንድሜ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ደብረ ማርቆስ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው የምሠራው። ከገጠር የሚመጡልን አባቶች ብዙዎቹ «ያን ቀን ያነሣሁት ሸክም ነው» ይላሉ። ሸክም የነበረውን እብጠት ሊያወጣው፣ ሕመሙንም ሊያባብሰው ይችላል። ብቻውን ቡአ ያመጣል የሚለው ግን ባለሙያዎችን ዛሬም ያከራክራል።

የመጀመሪያው የቡአ ዓይነት እንዲህ ነው የሚመጣው፦ ወንድ ልጅ በማሕፀን ሳለ ቆለጡ የሚሠራው ሆዱ ውስጥ ነው። ከዚያ በብሽሽት በኩል ወደ ታች ይወርዳል። የወረደበት መንገድ ኋላ መዘጋት አለበት። ሳይዘጋ ከቀረ አንጀት ያንኑ ተከትሎ ይመጣል፤ አንዳንዴ እስከ ቆለጥ ከረጢት ይደርሳል። በሕፃናት የምናየው ይህንን ነው፣ ባዋቂም ላይ ይወጣል። ሁለተኛው ዓይነት ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው። የሆድ ግድግዳው ራሱ ይሳሳል። ያረጀ ጆንያ መሐሉ ሲሳሳ ጤፉ ገፍቶ እንደሚወጣው ማለት ነው። የአባትህ የትኛው እንደሆነ ከዚህ ሆኜ አልፈርድም፤ ቀዶ ሐኪሙ ያየዋል።

የብሽሽት ቡአ ከ100 ወንዶች 27 ያህሉን በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል። ከ100 ሴቶች ደግሞ 3 ያህሉን። ከቤተሰቡ ቡአ የነበረበት ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። የቆየ ሳል፣ የሆድ ድርቀት፣ ሽንት ለመሽናት ማማጥም ሆድን ከውስጥ ይገፋሉ።

«ሲያስለው» ያልከው ላይ ቆምኩ። ሳሉ ስንት ጊዜ ሆነው? ሁለት ሳምንት ካለፈው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያድርጉ። ሳሉ ሳይታከም ኦፕራሲዮን ቢደረጉ እንኳ ስፌቱ ይጨነቃል።

ኦፕራሲዮኑን በተመለከተ፦ ወንድ ሆኖ የማያመው ሰው እየተከታተለ ሊቆይ ይችላል። አባትህ ግን በመቀነት እያሰሩ ነው የሚያርሱት፣ ስለዚህ ቢሠሩት ይሻላል ባይ ነኝ። በብዙ ቦታ ዛሬ የሳሳው ላይ መረብ የመሰለ ማጠናከሪያ ይደረግበታል። እንዲህ ሲሆን ተመልሶ የመውጣት ዕድሉ ይቀንሳል።

እህት ከሞጣ፦
ሴቶችም አንብቡ ብዬ ነው የምጽፈው። አክስቴ ከብሽሽቷ እጥፋት ዝቅ ብሎ ጭኗ ላይ ትንሽ እብጠት ወጣባት። ሁሉም «ንፍፊት ነው» አለ። አንድ ክሊኒክ ክኒን ሰጥቶ መለሳት። ወጌሻ በቅቤ አሻት። በሦስተኛው ቀን ማስመለስ ጀመረች፣ ሆዷ ተነፋ፣ ፈስም ቀረ። ሆስፒታል ስናደርሳት አንጀቷ ታንቆ ከፊሉ ሞቶ ነበር። ቆርጠው ቀጠሉላት። እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬ አለች። ያ ቅቤ የታሸበት ቀን ግን ከልቤ አይወጣም።

ነርስ ከማርቆስ፦
እህቴ፣ እግዜር ያቆይልሽ። ያ ሦስተኛው ዓይነት ነው። ወደ እግር የሚወርደው የደም ሥር በሚያልፍበት፣ ከብሽሽት ጅማት በታች ይወጣል። ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ያንቃል፤ ስለዚህ «ቆይተን እንየው» አንልም፣ ቶሎ ኦፕራሲዮን ይደረጋል። በእርግጥም ንፍፊት ይመስላል። ብሽሽት ላይ ያበጠ ነገር ምንነቱ ሳይታወቅ አይታሽ።

የቢቸናው ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ደወልኩለት። ሳሉ ወር አልፎታል፣ ነግሮን አያውቅም። ማክሰኞ አብሬው ሄጄ መጀመሪያ አክታውን አስመረምራለሁ። ሸክሙን እስከዚያ ወንድሜ ይይዝለታል። መቀነቱን ግን ይፍታው ወይስ ይተወው?

ነርስ ከማርቆስ፦
እብጠቱ ወጥቶ ሳለ መቀነት ላዩ ላይ አይጠምጥሙበት። ተኝተው ካልገባ፣ ከጠጠረና ካመማቸው ወይም ካስመለሳቸው ግን በግድ አትግፉት። ማክሰኞንም አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል አድርሷቸው።