ለቢሮ ባክአፕ ባለ 4 ዲስክ ናስ፦ ሬይድ 5 ወይስ ሬይድ 6?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። 12 ኮምፒውተርና አንድ የሂሳብ ሰርቨር ላለው ቢሮ የባክአፕ ናስ (በኔትወርክ የሚገናኝ የዲስክ ሳጥን) እያዘጋጀሁ ነው። ዳታው በአሁኑ ጊዜ 2.5 ቴራባይት ይሆናል። ሳጥኑ 4 ዲስክ ይይዛል፤ ዲስኮቹ ባለ 4 ቴራባይት ናቸው። በሬይድ 5 (ሬይድ ዲስኮችን አጣምሮ ዲስክ ቢበላሽም ዳታው እንዳይጠፋ የሚያደርግ አሠራር ነው) ባዋቅረው 12 ቴራባይት አገኛለሁ፣ በሬይድ 6 ግን 8 ብቻ። የአንድ ዲስክ ቦታ መተው ያዋጣል ትላላችሁ? ደግሞስ ሬይድ ካለ ሌላ ቅጂ ያስፈልጋል?

መልስ 1
ሬይድ 6 ያድርጉት፤ ሁለት ዲስክ ቢበላሽም ዳታው አይጠፋም። በሬይድ 5 አንድ ዲስክ ሲበላሽ ዳታው አይጠፋም፤ ነገር ግን አዲሱ ዲስክ ገብቶ ሪቢልዱ (የተበላሸው ዲስክ ዳታ በአዲሱ ላይ መልሶ መጻፉ) እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ብልሽት የሚቋቋምበት አቅም የለውም። ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት እየተጻፈበት እንኳ ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ቢሮው ሥራ ላይ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። በዚያ ሁሉ ሰዓት የቀሩት 3 ዲስኮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነበባሉ። ለወራት ማንም ያልነካው ቦታ ላይ ተደብቆ የቆየ ብልሽት የሚወጣው ያኔ ነው። ለ2.5 ቴራባይት ዳታ 8 ይበቃል። ስክሪኑ ላይ 7.2 ገደማ ሆኖ ቢያዩት አይደንግጡ፤ አምራቹ በ1000 ሲቆጥር ሲስተሙ በ1024 ስለሚቆጥር ነው።

ከዚህ በፊት ግን የዲስኩን ሞዴል ቁጥር ያጣሩ፤ ሲኤምአር (ትራኮቹን፣ ማለትም የዳታ መስመሮቹን፣ ጎን ለጎን የሚጽፍ) እንጂ ኤስኤምአር መሆን የለበትም። ኤስኤምአር ትራኮቹን እንደ ጣሪያ ክዳን አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ስለሚጽፍ፣ ሪቢልድ ላይ ፍጥነቱ ወርዶ ቀናት ሊወስድ፣ ሲብስም ሳጥኑ ዲስኩን እንደ ተበላሸ ቆጥሮ ሊያስወጣው ይችላል።

መልስ 2
ለሁለተኛው ጥያቄ፦ አዎ፣ የግድ ያስፈልጋል። ሬይድ የሚከላከለው ከዲስክ ብልሽት ብቻ ነው። በስህተት የተደለተ ፋይል ከሁሉም ዲስክ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) የቆለፈውም እንዲሁ። ስለዚህ የባክአፑን ፎልደር በማንም ኮምፒውተር ላይ እንደ ድራይቭ አያገናኙት። ለባክአፕ ፕሮግራሙ ብቻ የሚሆን፣ የአድሚን መብት የሌለው አካውንት ይክፈቱ። በየቀኑ ስናፕሾት (ፋይሎቹ በዚያ ሰዓት የነበሩበትን ሁኔታ የሚይዝ ቅጂ) ይያዝ፣ 30 ቀንም ይቆይ። ከዚያ ሁለት የዩኤስቢ ዲስኮች በየሳምንቱ ይለዋወጡ፤ ኢንክሪፕት ይደረጉ፣ ተራው ያልሆነው ተነቅሎ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ።

የሂሳብ ሰርቨሩን ዳታቤዝ ክፍት እያለ ፋይሉን ብቻ አይቅዱ። ግማሹ ከለውጥ በፊት፣ ግማሹ ከለውጥ በኋላ ይቀዳና ሲመልሱት አይከፈትም። መጀመሪያ በዳታቤዙ በራሱ የባክአፕ ትእዛዝ ያውጡት፣ ናሱ ላይ የሚሄደው የወጣው ፋይል ነው።

የመጀመሪያው ቅጂ በጊጋቢት መስመር ከ6 ሰዓት በላይ ይወስዳል። መሃል ላይ የቆየ ባለ 100 ሜጋቢት ስዊች (የኔትወርክ ገመዶች ማገናኛ) ካለ ግን ከ2 ቀን ተኩል ያልፋል፤ ስለዚህ ስዊቹን አስቀድመው ይዩት።

መልስ 3
ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) አይርሱ። ሳጥኑን ዩፒኤሱ ላይ መሰካት ብቻውን በቂ አይደለም። የዩኤስቢ ገመዱ ከናሱ ጋር ካልተገናኘ ባትሪው ሲያልቅ ናሱ እየጻፈ እያለ ይጠፋል። መብራት በሄደ በ5 ደቂቃ ውስጥ በሥርዓት እንዲዘጋ ያዋቅሩትና ሶኬቱን ነቅለው ይሞክሩት።

ዲስኮቹን ከመክተትዎ በፊት የእያንዳንዱን ሲሪያል ቁጥር በየትሪው (የዲስክ መሳቢያው) ፊት ላይ ይለጥፉ። አንዱ ተበላሽቶ ጤነኛውን መንቀል በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ በሬይድ 5 ላይ ደግሞ ያ አንድ ስህተት መላውን የዲስኮች ስብስብ ያቆመዋል። የስማርት (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግበው መረጃ) ቁጥር 5 እና 197፣ ማለትም የተተኩና የተጠረጠሩ የዲስክ ክፍሎች ብዛት፣ ከዜሮ ተነስተው መጨመር ከጀመሩ ዲስኩ እስኪሞት አይጠብቁ፣ ይቀይሩት። ስክረብ (ዲስኮቹን ሙሉ በሙሉ አንብቦ ስህተት መፈተሽ) በወር አንዴ፣ የኢሜይል ማስጠንቀቂያም ይብራ።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ለሙከራ ሬይድ 5 አድርጌዋለሁ፣ ዳታ ግን ገና አልገባም። ወደ 6 መቀየር ይቻላል?

መልስ 1
በ4 ዲስክ ሳጥን ላይ መቀየር አብዛኛውን ጊዜ አምስተኛ ዲስክ ይጠይቃል። ባዶ ከሆነ ያጥፉትና ከመጀመሪያው በሬይድ 6 ይፍጠሩት። የመጀመሪያው ባክአፕ እንዳለቀም አንድ ፎልደርና የሂሳቡን ዳታቤዝ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሰው ይክፈቱ፤ ሳይከፈት የሠራተኞቹን ኮምፒውተሮች አይጨምሩበት።