ለገና የፈትል ጋቢ፦ አንዱ ለወዳጅ፣ አንዱ ለቆሎ ተማሪ

ጥያቄ (ከዴንቨር)

ሰላም የጎጃም ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። ለገና ሽቶና የፕላስቲክ መጫወቻ መግዛት ሰልችቶኛል። ዘንድሮ በእጅ የተሠራ፣ ለአገር ቤት ሰውም የሚተርፍ ነገር ልስጥ ብዬ አስቤያለሁ። ከባሕር ዳር ወይ ከማርቆስ ምን ላስመጣ? የሞከራችሁ ንገሩኝ።

መልስ (ከሜሪላንድ)

እታለም፣ ጥሩ ነገር አነሣሽ። እኔ ሦስት ዓመት ሞክሬዋለሁ። የመጀመሪያው ዓመት አልሆነልኝም፤ ከእሱ ልጀምር።

እዚህ ያለን ጎጃሜዎች ተሰባስበን ለአንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት ተማሪዎች ልብስ አዋጣን። ጃኬት፣ ሹራብ፣ ጫማ። የማጓጓዣው ዋጋ ከልብሱ በለጠ። ዕቃውም መንገድ ላይ ወራት ቆየ። ሲደርስ የኔታን በስልክ አገኘኋቸው። መርቀው ሲጨርሱ፣ «ልጄ፣ ጋቢ ቢሆን ኖሮ ቀን ይለብሱታል፣ ሌሊት ይተኙበታል» አሉኝ። አንጀቴን በላው። አስቀድሜ አንድ ስልክ ብደውል ኖሮ ይህን እሰማ ነበር።

የአገራችንን ታኅሣሥ ታውቂዋለሽ። የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በዙሪያው ያለው ደጋ ሌሊት ውርጭ ይመታዋል። ተማሪው ደግሞ ከየአገሩ ቅኔ ፍለጋ ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ እያለ ወደ ጎጃም የቅኔ ቤቶች ይመጣል። ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ያገኘውን ቁራሽ በአኮፋዳው ይዞ ይመለሳል። ማታ ሣር ጎጆው ውስጥ ኩርምት ብሎ ያድራል። ደበሎ ያለው ይሻላል።

በሁለተኛው ዓመት ብሩን ወደ አገር ቤት ላክን። የእናቴ ጎረቤቶች ፈተሉ፣ የሰፈሩ ሸማኔ ሠራ፣ ጋቢው ለተማሪዎቹ ደረሰ። ያው አንድ ብር ለፈታዪዋም፣ ለሸማኔውም፣ ለተማሪውም ተረፈ። እዚህ ላሉ ባልደረቦቼ ደግሞ ካርድ ጻፍኩላቸው፤ «በስምህ አንድ ጋቢ ለአንድ ተማሪ ተሰጥቷል» የሚል። አንዷ ካርዱን እስከዛሬ ከጠረጴዛዋ አላነሣችውም።

ለወዳጅ በእጅ የሚሰጥ ከፈለግሽም ጋቢን የሚያህል የለም። ግን የፈትል መሆኑን አረጋግጪ። ገበያው በፋብሪካ ጨርቅ ተሞልቷል። የእጅ ፈትል ማጉን፣ ማለትም አግድም የሚገባውን ክር፣ በብርሃን ስታዪው አንዱ ቦታ ወፈር፣ አንዱ ቦታ ቀጠን ይላል። ከጠርዙ አንድ ክር መዝዘሽ በእሳት ንኪው። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ከሆነ ቀልጦ ይንጠባጠብና እንደ ዶቃ ይደርቃል።

ዋጋውን ስትሰሚ ደግሞ አትከራከሪ። እናቴ ጥጡን ፈልቅቃ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ስትፈትል አይቻለሁ። ቡና እየተፈላ፣ ጎረቤት እያወራ እንዝርቷ አይቆምም። እንዲያም ሆኖ ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ልቃቂት ለመሙላት ወራት ይፈጅባታል። አራት ድርብ ልብስ እኮ ነው።

ለልጆችሽ ከባሕር ዳር ትንሿን የደንገል ታንኳ አስመጪላቸው። ሐይቁ ዳር ትሸጣለች፣ ክብደት የላትም። እኔ ለልጄ ሳመጣለት መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ካላንሳፈፍኩ አለ። በዚያው ስለ ጣና ነገርኩት። ለሴት ልጅ ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋች ሙዳይ ትሆናለች። ትልቁን መሶብ ተዪው፤ ሻንጣ አይበቃውም። ታንኳውም ስፌቱም የዕፅዋት ውጤት ስለሆነ አሜሪካ ስትገቢ ፎርሙ ላይ አስመዝግቢ።

ጥያቄ (ከዴንቨር)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድምዓለም። የተማሪዎቹን ነገር ከባልደረቦቼ ጋር ማድረግ እፈልጋለሁ። ከግብር ይቀነስልናል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ደግሞስ ለዘንድሮ ገና ይደርሳል?

መልስ (ከሜሪላንድ)

የሚቀነሰው እዚሁ አሜሪካ በበጎ አድራጎት ድርጅትነት ለተመዘገበ አካል ሲሰጥ ነው። ለጉባኤ ቤቱ በቀጥታ የላክሽው አይቀነስም። ይህን ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ በኋላ ቅር እንዳይላቸው።

ስለ ጊዜው፣ የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16 ነው፣ የእኛው 29። ከዚያ ወዲያው ጥምቀት አለ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲባል ሰምተሻል። በዚያ ሰሞን ሸማኔ እጁ አይገኝም። እኛ አሁን የምናዝዘው መስከረም ላይ ነው። አንዳንዴም መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ለዚያም ቀን መተው ያስፈልጋል። ዘንድሮ ከዘገየሽ ተማሪዎቹ ለፋሲካ ቢያገኙት ምንም አይደለም፤ ካርዱን ግን ለገና ስጪ፣ መቼ እንደሚደርስም በእውነት ጻፊበት።

ስንት ጋቢ እንደምታስቢ ብቻ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። እሑድ ለእናቴ ስደውል ዘንድሮ ጥጥ ያላቸው እነማን እንደሆኑ እጠይቅልሻለሁ።