የመጫወቻ ቮልስ የመኪና ቁልፍ ላደርጋት ነው፤ ከመክፈቴ በፊት ምከሩኝ

ጠያቂ፦ የጠባሴው (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። ያሪስ ነው የምነዳው፣ በፈረንጅ የ2008 ሞዴል። የቁልፉ ፕላስቲክ ከተሰነጠቀ ቆየ። መጀመሪያ ማንጠልጠያው ተገነጠለ። አሁን ብረቱም ይነቃነቃል፤ በፕላስተር ጠቅልዬ ነው የምጠቀመው።

አዲስ ካቨር ገዝቶ መቀየር እንደሚቻል አውቃለሁ። እኔ ግን ሌላ ነገር አስቤያለሁ። አባቴ ሰማያዊ ቮልስ ነበረው። ለእኔም ትንሽዬ የብረት ቮልስ ገዝቶልኝ ነበር፣ እንደሱ ሰማያዊ። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። መኪናውም ድሮ ተሽጧል። መጫወቻዋ ግን ባለፈው ሳምንት ከእናቴ ሳጥን ወጣች። የቀኝ ፓራፋንጎዋ ቀለም ተልጧል። ልጅ ሆኜ የቤታችን ደረጃ ላይ እየነዳኋት ነው የተላጠው። የኋላ መስታወቷ ግን አሁንም አለ።

የቁልፌን ዕቃ እሷ ውስጥ መክተት እፈልጋለሁ። በየቀኑ እጄ ላይ ትሁን ብዬ ነው። በማስመሪያ ለካኋት፤ ርዝመቷ 9 ሴንቲ ተኩል፣ ወርዷ 3 ሴንቲ ተኩል ነው። አካሏ ብረት፣ ወለሏ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ከሥር በሁለት ሪቬት ተይዛለች። ሳላበላሻት እንዴት ልክፈታት? ብረት ውስጥ ከገባ ሪሞቱ ይሠራል ወይ? ያለኝ ቁልፍ ይሄ አንድ ብቻ ስለሆነ ፈራሁ።

ቁልፍ ቀራጩ

ወንድም ዓለም፣ ቮልሷን ለጊዜው ወደ ሳጥኗ መልሳት። መጀመሪያ ሁለተኛ ቁልፍ አስወጣ። የሚሠራ ቁልፍ እጅህ ላይ እያለ ሌላ መጨመር ቀላል ነው። ያለው አንዱ ከጠፋ ወይም ከተበላሸ ግን ሥራው ይከብዳል፣ ዋጋውም ይንራል። መኪናውን አስጭኖ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ድረስ፣ 130 ኪሎ ሜትር፣ የወሰደ ደንበኛ አለኝ። ለአንድ ቁልፍ ብሎ።

ሁለተኛ ነገር። ቁልፍህ ውስጥ ያሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ብረቱ፣ የሪሞቱ ቦርድና ቺፑ። ሪሞቱ በባትሪ ይሠራል፣ ሥራውም በር መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው። ቺፑ ባትሪ የለውም። ማስነሻው ዙሪያ ካለው ጥቅል ሽቦ ነው ኃይል የሚያገኘው፣ ያውም ከጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት። ሪሞቱ ቢሞት መኪናህ ይነሳል። ቺፑ ከሌለ ግን ሞተሩ ቢዞርም አይነሳም።

ስለዚህ ካቨሩን ስትከፍት ቺፑን ፈልግ። ጥቁር፣ የባቄላ ክክ የምታክል ነገር ናት። ካቨሩ ግድግዳ ላይ ተሰክታ ልታገኛት ትችላለህ። ብዙ ሰው የፕላስቲክ ቁራጭ ትመስለውና ከአሮጌው ካቨር ጋር ይጥላታል። ከዚያ «አዲስ ካቨር ገዝቼ መኪናዬ አልነሳ አለ» እያለ ይመጣል።

ሞባይል ጠጋኙ (ሸዋ ሮቢት)

የብረቱን ጥያቄ እኔ ልመልስልህ። ብረት ሞገድ ያፍናል። ሪሞቱን ሙሉ በሙሉ በብረት ከከበብከው በሩ ሥር ቆመህ እንኳ ላይከፍትልህ ይችላል። ያንተ ወለል ፕላስቲክ መሆኑ በጀህ። ሞገዱ በወለሉና በመስኮቶቹ ይወጣል፣ ርቀቱ ግን መቀነሱ አይቀርም።

ምንም ሳትቆርጥ ሞክረው። መጀመሪያ ሪሞቱ በባዶው ከስንት እርምጃ እንደሚከፍት ቁጠር። ከዚያ አካሉን ከወለሉ ለይተህ ቦርዱን ከነባትሪው ወለሉ ላይ በስኮች ያዘው፣ አካሉን መልሰህ ድፋበት፣ እንደገና ቁጠር። የቦርዱ ጀርባ ብረቱን እንዳይነካ ቀጭን ፕላስቲክ አልብሰው። ከብረት ጋር ከተነካካ ሾርት ያደርጋል።

ሪቬቱን ለመክፈት ራሱን ብቻ ብላው። በ2 ሚሊ መሰርሰሪያ መሀሉን ጀምርለት፣ ከዚያ በ4 ሚሊ አስፋው። ራሱ ሲለቅ አቁም። አልፈህ ከሄድክ ከሥር ያለውን እግር ትጨርሰዋለህ፣ በኋላ ብሎን የሚይዝልህ አይኖርም። ቀለሙን ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት አትንካው። የድሮ መጫወቻ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ ብናኙ ጥሩ አይደለም።

የቦርዱን ጠርዝ እየዞረ የሚሄደው የመዳብ መስመር አንቴናው ነው። «ትንሽ ቦታ ልፍጠር» ብለህ ጠርዙን በሞረድ እንዳትነካው። እሱን ካበላሸህ ሪሞቱ አለቀ።

የመንዝ ልጅ

እኔ ብሆን ሁሉንም ከገባ በኋላ አራልዳይት ሞልቼ እደፍነዋለሁ። ድንጋይ ነው የሚሆነው፣ ቢወድቅም አይነቃነቅም።

ሞባይል ጠጋኙ (ሸዋ ሮቢት)

አይሆንም ወንድሜ። ባትሪው ሲያልቅ በምን ይቀየራል? የቦርዱ መጫኛ ቁልፎች ውስጥም ይገባና ያደርቃቸዋል። አራልዳይት ጥሩ ነው፣ ግን ቦርዱ የሚቀመጥበትን ፍሬም ወለሉ ላይ ለመለጠፍ ብቻ። ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም። ቀን ፀሐይ ላይ አኑረው፣ ለሊት ቤት አስገባው፣ 24 ሰዓት ሳይሞላ አትንካው።

የደሴ መስመር

ልጄ፣ ሐሳብህ ደስ ብሎኛል። አባትህን ነፍሱን ይማርልህ። እኔ የምፈራው ክብደቱን ነው።

የብረት መጫወቻ ማስነሻው ላይ ተንጠልጥሎ በኮሮኮንች ሲወዛወዝ ውስጡን ይበላዋል። በ2014 በፈረንጅ አቆጣጠር ጀኔራል ሞተርስ 2.6 ሚሊዮን ገደማ መኪና የጠራው በማስነሻ ችግር ነው። ማስነሻው ላላ ያለ ነበር፤ የቁልፉ ክብደትና የመንገዱ ንቅናቄ ከቦታው ያንሸራትተው ነበር። ያኔ ሞተሩ እየሄደ ይጠፋል፣ ኤርባጉም አይሠራም። ያንተ መኪና ሌላ ነው፣ ግን ነገሩን ልብ በለው። ጣርማ በርን አልፈህ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ አስበው። ያ ሁሉ ጥምዝ እያለ ሞተር ቢጠፋ መሪው ይከብድሃል፣ ፍሬኑም ከጥቂት ርግጫ በኋላ ይደነድናል። ሠላሳ ዓመት በዚያ መንገድ ተመላልሻለሁ። ማስነሻዬ ላይ ከአንድ ቁልፍ በቀር አንጠልጥዬ አላውቅም።

የጠባሴው

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይሄን አላሰብኩትም ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ። እንግዲያው ልተወው?

ቁልፍ ቀራጩ

ለምን ትተወዋለህ? ለየው። ብረቱንና ቺፑን አዲስ ቀላል ካቨር ውስጥ አድርግ። ማስነሻው ላይ የሚገባው እሱ ብቻ ይሁን። ሪሞቱ ቮልሷ ውስጥ ይግባ። ሁለቱን ተጭነህ በምታላቅቀው ማያያዣ አገናኛቸው። በሩን በቮልሷ ትከፍታለህ፣ ትፈታታለህ፣ ጎንህ ታስቀምጣታለህ፣ ከዚያ ክብደት በሌለው ቁልፍ ታስነሳለህ። ቺፑም ከብረት አካል ጋር ስለማይጣላ ሥራህ ግማሽ ሆነ።

እህት ነርስ (ደብረ ሲና)

ወንድሜ፣ ቤት ውስጥ ሕፃን አለ? ካለ ይሄን አንብብልኝ። መጫወቻ የሚመስል ቁልፍ ልጅ እጅ መግባቱ አይቀርም። ውስጡ ያለችው የሳንቲም ባትሪ ደግሞ አደገኛ ናት። ጉሮሮ ላይ ከተጣበቀች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ከባድ ቃጠሎ ልታደርስበት ትችላለች። ባትሪው የሚወጣበትን ክዳን በብሎን እሰረው። በጥፍር የሚከፈት እንዳይሆን።

ልጅ ዋጠ ብለህ ከጠረጠርክ አታስመልሰው። ሳትዘገይ ራጅ ያለበት ሆስፒታል ውሰደው። ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነና መዋጥ ከቻለ በመንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር ስጠው፣ ከስድስት ጊዜ ሳይበልጥ። ማር ፍለጋ ብለህ ግን እንዳትዘገይ።

የጠባሴው

አራት ዓመት የሆናት ልጅ አለችኝ። እህቴ፣ አመሰግናለሁ። ክዳኑን በብሎን አደርገዋለሁ። ማታ ማታም ከፍ ያለ መስቀያ ላይ ትሰቀላለች።

የጠባሴው (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ተሠርታ አለቀች። የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሁለተኛ ቁልፍ አስወጣሁ። ቀጥሎ አሮጌውን ካቨር ከፈትኩ። ቺፗ እንደተባለው ጥግ ላይ ተሰክታ አገኘኋት። ባይነገረኝ እጥላት ነበር። በመርፌ ጫፍ አንስቼ አዲሱ ካቨር ውስጥ አስገባኋት፣ መኪናው ወዲያው ተነሳ።

ሪቬቶቹ አሥር ደቂቃም አልፈጁም። አንዱን ግን ትንሽ አሳለፍኩት፣ ፈጥኜ ነው። እግሩ ጠበበ። ብሎኑ በአንድ በኩል ብቻ ነው አጥብቆ የሚይዘው፣ በሌላው ጠብታ አራልዳይት ጨመርኩ። ውስጧ የነበረውን ነጭ የወንበር ፕላስቲክ አወጣሁት፣ አልጣልኩትም። በወንበሩ ቦታ ቦርዱ ልክክ አለ። ባትሪዬ ሲአር 2016 ናት፣ ወርዷ 20 ሚሊ፣ ውፍረቷ 1.6 ሚሊ። ስስ በመሆኗ ከወለሉ ሥር ክዳን ቆርጬ አስገባኋት።

ያስቸገረኝ የመጫኛው ጉዳይ ነው። የቦርዱ ቁልፎች ከጣሪያው ሩቅ ናቸው። ጣሪያውን ልበሳ ብዬ መሰርሰሪያውን አንስቼ ነበር፣ እጄ እንቢ አለኝ። መጨረሻ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም መያዣ ቀጭኗን ቱቦ ሁለት ቦታ ቆርጬ፣ ቦርዱን ገልብጬ በወለሉ በኩል አወጣኋቸው። ከሥር ነው የሚጫነው። ከላይ ሲያዩዋት ምንም አልተነካችም።

ርቀቱ በባዶው 22 እርምጃ ነበር። አሁን 9 ነው። ይበቃኛል። ጠዋት ውርጭ ሲሆን ወደ 7 ይወርዳል፣ ባትሪው ሲበርደው ይመስለኛል።

ሞባይል ጠጋኙ (ሸዋ ሮቢት)

አዎ፣ ብርድ የባትሪ ጉልበት ይቀንሳል። ከቤት ስትወጣ የውስጥ ኪስህ ውስጥ ያዛት። ከቦርዱ የሚነሳው የባትሪ ምላስም ላልቶ ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀን ክፈትና በቀስታ ወደ ላይ አንሳው።

የጠባሴው

ምላሷን አነሳኋት፣ ዛሬ ጠዋት በውርጩ 10 እርምጃ ከፈተች። ትናንት እናቴ ጋ ይዣት ሄጄ ነበር። የቀኝ ፓራፋንጎዋን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና «ይቺን እንዳታስቀባ» አለችኝ። አላስቀባትም።