«የአሸዋ ጠገራ» ይባል ወይስ «የአሸዋ ዶላር»? (ደግሞ የ«ዕድገት» ጣጣ)

ጠያቂ፦
ሰላም ቤተሰብ! ስለ ባሕር ጃርት (ባሕር ውስጥ ስለሚኖረው ክብ እሾሃም እንስሳ) እና ስለ ጠፍጣፋው ዘመዱ ስለ «ሳንድ ዶላር» አመጣጥ የሚያወራ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «የአሸዋ ዶላር» ስል የምንዛሪ ቤት ማስታወቂያ ይመስልብኛል። «ዴቨሎፕመንት»ን «ዕድገት»፣ «ኢቮሉሽን»ን «ዝግመተ ለውጥ» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሁለቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ ግን ግራ ገባኝ። እስቲ እርዱኝ።

ቃል ለቃሚ፦
«የአሸዋ ጠገራ» በለው፣ አለቀ! «ዶላር» ራሱ «ታለር» ከሚለው የጀርመን ቃል ነው የመጣው። የኛ ጠገራ ብር፣ የማሪያ ቴሬዛው፣ ያው ታለር አይደል? መልኩም ይገጥማል። እንስሳው ሲሞት አጫጭር እሾሁ ይረግፍና ፀሐይ ያነጣው ክብ ቅርፊት ይቀራል። «ዴቨሎፕመንት»ን ደግሞ «አስተዳደግ» ብትለውስ?

ጠያቂ፦
«አስተዳደግ የበደለው ጃርት» ሊሉኝ? 😂 ይቅርብኝ። ጠገራውን ግን ወሰድኩ።

የባዮሎጂ መምህር፦
ጠገራው ለኔም ተመችቶኛል። «ዕድገት»ንም አትጣለው፣ «ከሽል እስከ አዋቂ» የሚል ጨምርበትና ኢኮኖሚ መምሰሉ ይቀራል። ዕድገት የአንድ እንስሳ የሕይወት ጉዞ ነው፣ ዝግመተ ለውጥ ደግሞ የትውልድ በትውልድ።

የባሕር ጃርት እንቁላል ከወንዴ ዘር ጋር የሚገናኘው ከእናቱ ውጭ፣ ባሕሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁሉን ነገር በማይክሮስኮፕ ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1876 ጀርመናዊው ተመራማሪ ኦስካር ሄርትቪግ የወንዴውና የሴቴው ኒውክለስ (የሕዋስ አስኳል) ሲዋሃዱ ያየው በዚሁ እንቁላል ላይ ነው። በ1891 ደግሞ ሌላው ጀርመናዊ ተመራማሪ ሃንስ ድሪሽ ገና ሁለት ሕዋስ የሆነውን ሽል አናውጦ ለያየው። ግማሽ ግማሽ እጭ (ገና አዋቂ መልክ ያልያዘ ልጅ እንስሳ) ይወጣል ብሎ ሲጠብቅ ከእያንዳንዱ ሕዋስ አነስ ያለ ግን ሙሉ እጭ ወጣለት!

እጩ አዋቂውን በጭራሽ አይመስልም። ረጃጅም ክንዶች አሉት፣ ግራና ቀኙ ይታወቃል፣ እየተንሳፈፈ ጥቃቅን አልጌ ይበላል። አዋቂው ክብ ነው፣ አካሉም በአምስት ወገን የተከፈለ። እና ያ አዋቂ የሚሠራው ከየት መሰለህ? ከእጩ ግራ ጎን! «ግራ ገባኝ» ያልከው አንተ ብቻ አይደለህም።

ወደ ዝግመተ ለውጡ ስንመጣ፣ የመጀመሪያዎቹ የባሕር ጃርት ቅሪተ አካላት 450 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጥራሉ። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት በደረሰው ታላቅ ዕልቂት ከጥቂት ዘሮች በስተቀር ሁሉም አለቁ፤ የዛሬዎቹ የነዚያ የተረፉት ልጆች ናቸው። በጁራሲክ ዘመን (ዳይኖሰሮች ከኖሩባቸው ዘመናት በአንዱ) አንዳንዶቹ አሸዋና ጭቃ ውስጥ መቀበር ጀመሩ፣ እሾሃቸው አጠረ፣ አናት ላይ የነበረው ፊንጢጣ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ክቡ እንስሳ ፊትና ኋላ አወጣ። ጠገራዎቹ ከነዚህ ተቀባሪዎች ወገን ናቸው። ቅሪታቸው የሚገኘው ግን ዳይኖሰሮች ከጠፉ በኋላ ነው።

የድንጋይ ወዳጅ፦
በነገራችን ላይ የጁራሲክ ባሕር ጃርት እኛም አገር አለ። መቀሌ አካባቢ ባለው የሒንጣሎ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ከቀንድ አውጣና ከዛጎል ቅሪት ጋር ይገኛል። ያ ሁሉ ተራራ ባሕር ነበር እኮ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ መምህር። የተጋጨብኝ ዓረፍተ ነገር ግን «የዕድገት ዝግመተ ለውጥ» ይላል። ይህ ምን ማለት ነው?

የባዮሎጂ መምህር፦
ልክ ነው፣ እንዳለ ተወው። ዕድገት ራሱ በዝግመተ ለውጥ ይለወጣል። አውስትራሊያ ውስጥ ሁለት የቅርብ ዘመዳም የባሕር ጃርት ዝርያዎች አሉ፤ ሄሊዮሲዳሪስ ቱበርኩላታ እና ሄሊዮሲዳሪስ ኤሪትሮግራማ። የተለያዩት ከጥቂት ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው፣ ይህ ደግሞ ለነሱ ትናንት ነው። አዋቂዎቹ ይመሳሰላሉ። የመጀመሪያው ትንሽ እንቁላል ይጥላል፣ እጩም እየበላ ለሳምንታት ይንሳፈፋል። ሁለተኛው ስንቁን እንቁላሉ ውስጥ ቋጥሮ ይሰጠዋል። እንቁላሉ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል፣ እጩ ምንም አይበላም፣ በአራት ቀን ገደማ ትንሽዬ ጃርት ይሆናል። እንግዲህ መድረሻቸው ያው ሆኖ መንገዱ ነው የተለወጠው።

ቃል ለቃሚ፦
ዋው! ጠገራው ላይስ እንዲህ ያለ ነገር አለ?

የባዮሎጂ መምህር፦
አለ እንጂ። የባሕር ጃርት አፍ አምስት ጥርስ ያለው መሣሪያ ነው፣ «የአርስቶትል ፋኖስ» ይሉታል (እዚህ ላይ ትርጉሙን አትንካው፣ ፋኖስ ጥሩ ነው)። ከጠገራው ዘመዶች አንዳንዶቹ ይህ ፋኖስ የሚኖራቸው በልጅነታቸው ብቻ ነው፣ ሲያድጉ ያጡታል። ጠገራው ግን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚያስቡት የልጅነት ጥርሱን ሳይጥል ማደግ የጀመረ ዘር ነው።

ጠያቂ፦
ኧረ የወተት ጥርሱን ይዞ የቀረ በለኛ! ይህንን ለርዕስ እወስደዋለሁ፣ አርታኢው ከፈቀደ።